ረቡዕ የታረደው በሬ

ረቡዕ ጥቅምት 14 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። መካነ ሰላም ዳር ባለው መጠለያ አንድ በሬ ታረደ። እስከ ስምንት ሰዓት ሥጋውን የቀመሰ ተረጂ አልነበረም።

ማክሰኞ ከደሴ የተነሣሁት እህል በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ነው። እርዳታው ለሰዉ መድረሱን አይቼ እንድጽፍ ከምሠራበት ጋዜጣ ተልኬ ነበር። ከአቀስታ ወዲህ ማሳው ባዶ ነው። መንገድ ዳር የተቀመጡት ሰዎች እጃቸውን እንኳ አላነሡልንም። ሹፌሩ ዳቦውን ከቋጠሮው አወጣና፣ ወደ ውጭ አይቶ መልሶ ቋጠረው።

በዚህ አገር ድግስ የደገሰ ሁሉ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ያርዳል። የመጠለያው አስተባባሪ ግን ማንንም ሳይጠይቅ፣ ፎቶ አንሺ አቁሞ በክርስቲያን እጅ አሳረደ። ስለዚህ እስላሞቹ አይበሉትም። ቀኑ ረቡዕ ነውና ክርስቲያኖቹም ጾመኞች ናቸው።

«ጓድ፣ ሁለት በግ ይበቃን ነበር እኮ! አንዱ ለነሱ፣ አንዱ ለኛ፤ የኛውም ለነገ። ምናለ ቢጠይቁን?» አሉ እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ አሮጊት።

«ረሃብተኛ ደግሞ ይመርጣል? ሃይማኖታችሁን ብሉት እንግዲህ!»

«እሱንማ እየበላን አይደል እስካሁን የቆየነው?»

ሰዉ ሳቀ። አስተባባሪው «ሥጋ ተሰጥቷል» ብሎ የዕለቱን ዱቄት ከለከለ። ይህን ስጽፍ እርሳሴ ተሰበረ።

ዘሃራ የምትባል እናት ልጇን ታቅፋ ከአጠገባችን ተቀምጣለች። ልጅቱ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ማልቀስም ትታለች። እማማ ጥሩነሽ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾም ሊፈቱባት ያስቀመጧትን እፍኝ ዱቄት ከመቀነታቸው ፈቱ።

«እንኪ፣ አጥሚት አርጊላት።»

«ወላሂ አልቀበልም! እርስዎስ?»

«እኔማ ነገ ሥጋ አለኝ እቴ! አብሽሪ።»

አስተባባሪው ስሰናበተው «ሁሉም በልቷል ብለህ ጻፍ» አለኝ። ማንም አልበላም ብዬ ጻፍሁ።

ቅዳሜ አዲስ አበባ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ ጋዜጣው ላይ የኔ ጽሑፍ የለም፤ በሬው ፊት የቆመው አስተባባሪ ፎቶግራፍ ግን ወጥቷል። ሃያ ዓመት በዜናዬ የተራገፈ ኩንታል ስቆጥር ኖሬያለሁ፤ ከእንግዲህ ማን እንደበላ ሳልጠይቅ አልጽፍም።

በሳምንቱ ያ ሹፌር ከመካነ ሰላም ተመልሶ መጣ። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት፤ ሁለቴም ያው ነው የነገረኝ። ልጅቱ በሕይወት አለች። ሥጋው ረቡዕ ማታ በአስተባባሪው መኪና ተጭኖ ከመጠለያው ወጥቷል።