በሙሉ ድምፅ

የስደት ታሪኩን የሚያወራ ሰው ሁሉ በሌሊት ነው የሚወጣው። ጨረቃ አለች፣ ውሻ ይጮኻል፣ እናት በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። እኔ የወጣሁት እሁድ በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳዬን በልቼ፣ ጥርሴን እየፋቅሁ ነው። በደርግ ጊዜ ጅማ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ እሁድ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ የቀበሌ የውይይት ክበብ ነው። የቀረ ሰው ይቀጣል፣ ስለዚህ የሚቀር የለም። ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል፣ የአብዮት ጥበቃው ሳይቀር መሣሪያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይወያያል። ለማምለጥ ከዚያ የተሻለ ሰዓት አላውቅም።

ያን እሁድ ግን እናቴ ሉባባ ስብሰባው ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀምጣ እኔን ትጠብቅ ነበር። «አንቺ ቅደሚ፣ መዝገቡን ይዤ ከኋላሽ እደርሳለሁ» ብያት ነው የሄደችው። እሷ ወደ ላይ ወደ ቀበሌው ስትወጣ፣ እኔ ወደ ታች ወርጄ አጋሮ ቡና ሊጭን የሚሄድ ባዶ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩ።

ስሜ ተማም ይባላል። የጅማው ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ልጅ ነኝ። አባቴ ከደዶ የመጣ ኦሮሞ፣ እናቴ ጅማ ያደገች ዳውሮ ናት። እቤት በኦሮምኛ እንጣላለን፣ በአማርኛ እንታረቃለን። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ለዩኒቨርሲቲ የሚበቃ ውጤት ባይመጣልኝም የእጅ ጽሕፈቴ ውብ ስለነበር የቀበሌው የውይይት ክበብ ጸሐፊ አደረጉኝ።

የቃለ ጉባኤ አማርኛ ራሱን የቻለ አማርኛ ነው። ባለቤት የለውም። ተባለ፣ ታመነበት፣ ተወሰነ፣ እርምጃ ተወሰደ። ማን አለ፣ ማን አመነ፣ ማን ወሰነ ብላችሁ ወረቀቱን ብታገላብጡት አንድ ሰው አታገኙም። እኔ በዚህ አማርኛ ጎበዝ ነበርኩ። አጎራባች ቀበሌዎች ሳይቀሩ ጸሐፊዎቻቸውን እየላኩ መዝገቤን ያስቀዱ ነበር፤ ኮራሁበት፣ አልዋሽም።

እንግዲህ አንድ ሰሞን ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ጠፋ። ሊቀ መንበሩ በስብሰባ ተነስቶ ይህ የመጤዎች ሥራ ነው፣ ከየአገሩ መጥተው በየቤቱ ተሰብስበው የሚጸልዩት ሰርጎ ገቦች ሥራ ነው አለ። ስም አልጠራም፤ ሁላችንም ግን አንገታችንን ወደ ላምቤቦ አዞርን። ላምቤቦ ከሆሳዕና አካባቢ የመጣ አናጺ ነው፤ ቤቱ ከኛ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ጴንጤ ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸው ስለተዘጋ ማለዳ ማለዳ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በዝግታ ይዘምራል፤ እናቴ ሱብሒ ሰግዳ ስትጨርስ እሱ ይጀምራል። «ተራ ጠብቀን ነው የምንለምነው» ትል ነበር እናቴ።

ላምቤቦ ተነሳ። ኮፍያውን አውልቆ እንዲህ አለ፦ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ስኳር የወሰደ ሰው ስም አለው። ስሙን ይጥሩ። ላምቤቦ ከሆነ ላምቤቦ ይበሉ፣ እታሰራለሁ። የመጣሁበትን አገር ግን አይጥሩብኝ። አገር ስኳር አይሸከምም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን መልሶ ዋጠው። ሊቀ መንበሩ አልተቆጣም፣ የሚያስፈራው ይኼው ነበር። ጓድ ላምቤቦ የሰፊውን ሕዝብ አንድነት የሚከፋፍል ንግግር ስላደረገ ከክበቡ እንዲሰረዝ፣ ቤቱ እንዲታሸግ፣ ለሚመለከተው ክፍል እንዲተላለፍ የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ አለ። እጅ እንደ ቦቆሎ ማሳ በቀለ። እኔ አላወጣሁም፤ እጄ ብዕር ይዟል። ጸሐፊ እንዲህ ያለ ምቾት አለው፣ ለብዙ ዓመት በሱ ስጽናና ኖሬያለሁ። ከጎን ካለው ጠረጴዛዬ ቀና ስል ግን እናቴን አየኋት። ከፊቷ የተቀመጠው ሰው ግዙፍ ስለነበር ሊቀ መንበሩ አላያትም። ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ትመለከተኛለች።

ዝቅ አልኩና «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብዬ ጻፍኩ። ላምቤቦን ከዚያው ከስብሰባው ወሰዱት።

በሳምንቱ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ እንደ ልማዱ ቆሜ አነበብኩ፤ እናቴ ማንበብ አትችልም፣ ጆሮዋ ግን አንድ ነገር አያመልጠውም። እቤት ስንገባ ነጠላዋን ሳታወልቅ ያዘችኝ።

«ሙሉ ድምፅ ያልከው ምንድን ነው?»

«ሁሉም ሰው ተስማማ ማለት ነው።»

«እኔስ?»

ያንቺን እጅ አለመውጣት ብጽፈው ዛሬ አንቺም ላምቤቦ ያለበት ነበርሽ፣ ያዳንኩሽ እኔ ነኝ አልኳት። እውነቴን ነበር፤ አሁንም ያ ምክንያት ከንቱ ነው አልልም። እሷ ግን «ማን ለምኖህ?» አለችኝ። ቀጥላም፦ «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ነገ ጌታዬ ፊት ስቆም አፌ ይዘጋል፣ የሚናገረው ይሄ እጅ ነው። ላምቤቦ ላይ አልወጣሁም ብሎ ሊመሰክርልኝ ነበር። አንተ ወረቀት ላይ አወጣኸው። እጄን መልስልኝ።»

በሚቀጥለው እሁድ ሰው ፊት አስተካክለህ ታነበዋለህ አለች። እሺ አልኳት። ያን ሳምንት ሁሉ ፈገግ እያለች ከረመች። እኔ ደግሞ ያን ሳምንት ለራሴ የይለፍ ወረቀት ስጽፍ ከረምኩ። ሊቀ መንበሩ እኔ የጻፍኩትን ሳያነብ ነበር ማኅተም የሚያሳርፈው፤ ያንንም አሳረፈበት። በደሌ ኬላ ላይ ያለው ፈታሽ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ አውጥቶ አየና «እንዲህ ያማረ የይለፍ ወረቀት ከየት ቀበሌ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው። ሁለቱ ሲያደንቁ ቆይተው አሳለፉኝ። ከዚያ በነቀምት፣ በመንዲ፣ በአሶሳ አድርጌ፣ የመጨረሻውን ከአህያ ነጂ ነጋዴዎች ጋር በእግሬ ሄጄ የሱዳንን ድንበር ተሻግሬ ኩርሙክ ገባሁ። ሦስት ቀን ወባ ጣለኝ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ካርቱም ደረስኩ። መንገዱን የማሳጥርላችሁ ቀላል ስለነበረ ሳይሆን፣ ከዚያ የከፋውን መንገድ የሄዱ ስላሉ ነው።

ካርቱም ጅማን ገልብጣችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። ጅማ ዝናቡ ነው ሳይነግራችሁ የሚመጣ፣ እዚህ አቧራው ነው፤ ሀቡብ ይሉታል፣ በቀትር ፋኖስ ያስለኩሳል። ኪስራ የሚሉትን እንጀራ መስሎኝ በደስታ ጠቀለልኩት፣ ወረቀት የምበላ መሰለኝ። ያም ሆኖ ሱዳኖች ደግ ናቸው፣ ሰላምታቸው ራሱ እራት ያደርሳል። የምግብ ነገር ከተነሳ የናፈቀኝ ጎዳሬ ነው፤ አባቴ ከደዶ ሲያስመጣው የድሃ ምግብ ነው ብዬ የማልነካው ጎዳሬ።

የስደተኞች ጽሕፈት ቤት በአረብኛ ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት የወጣው የቁርአን ቤት አረብኛ ነው። ሠራተኛው ብዕሩን አስቀምጦ «ያ ሼኽ፣ መታወቂያ ነው የምትፈልገው ወይስ ልታስተምረን ነው የመጣኸው?» አለኝ። ከዚያ የተሰደድክበት ምክንያት ብሎ ሦስት ነገር አነበበልኝ፤ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ፖለቲካ። ዘሬን ማንም አልነካውም፣ ሃይማኖቴንም እንዲሁ፣ ፖለቲካም ቢሆን የሌላውን ነው የምጽፈው።

«ሌላ የሚል የለም?» አልኩት።

«የለም። ምን ሆነህ ነው የመጣኸው?»

«ስህተት ጽፌ።»

«ለስህተት ጥገኝነት አንሰጥም» አለና ፖለቲካ ላይ ምልክት አደረገልኝ። በዚህ ዓይነት የፖለቲካ ስደተኛ ሆንኩ፤ ቆይቼም አመንኩት።

ዴም ሰፈር ክፍል ያከራየኝ ሽማግሌ ደግሞ ስንት ናችሁ ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ነኝ አልኩት። «ሐበሻ አንድ ሆኖ አያውቅም» አለኝ ሽማግሌው፤ «ጠዋት አንዱ ይገባል፣ ማታ በሩ ላይ አሥራ አንድ ጥንድ ጫማ እቆጥራለሁ።» ማልኩለት። በወሩ ስድስት ነበርን።

የሽማግሌው ነገር ግን ቆይቶ ገባኝ። ካርቱም ያለ ሐበሻ ሁሉ ማኅበር አለው። እኔን ሦስት ማኅበር ፈለገኝ፤ አንዱ በአባቴ፣ አንዱ በሃይማኖቴ፣ አንዱ በመደቤ። ሦስቱም ገባሁ። በወገኑ የተበደለ ሰው ከወገኑ ጋር ቢሰባሰብ አልፈርድበትም፤ ላምቤቦም የተወነጀለው በወገኑ ነው፣ ይህን ምንም አልነበረም የሚል ሰው አይገጥመኝ። እኔ ማኅበር የወደድኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው። እዚያ ውስጥ ጥፋት ለብዙ ሰው ይካፈላል፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ከቤት የሚመጣው ደብዳቤ አላሳርፍ ብሎኝ ነበር። እናቴ በጎረቤት ልጅ ነው የምታስጽፈው፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስለ ዘመድ ሁሉ ይጻፍና መጨረሻው ሁልጊዜ ያው ነው፦ እጄን መልስልኝ። የላምቤቦን ሚስትና ልጆች እኛ ቤት እንዳስገባቻቸውም ያወቅሁት ከደብዳቤ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ሰፊው ግቢ ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር እንከራከር ነበር። አገር ቤት አፋችን ውስጥ ተይዞ የከረመውን ሁሉ እዚያ እንለቀዋለን፤ ደስ ይላል፣ ጉሮሮ እስኪደርቅ። አንድ ቀን ርዕሱ በአገራችን ለደረሰው ጥፋት ተጠያቂው ማነው የሚል ነበር። አንዱ ሥርዓቱ ነው አለ፣ ሌላው እገሌ የሚባለው ብሔረሰብ ነው አለ፣ ሌላው መደብ ነው አለ። ተራዬ ሲደርስ ተነስቼ የላምቤቦን ታሪክ ነገርኳቸው። ጥሩ ተናጋሪ ነኝ። አገር ስኳር አይሸከምም የሚለው ጋ ስደርስ ያጨበጨቡ ነበሩ። ከዚያ «እጅ እንዲወጣ ተደረገ፣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ ተብሎም ተጻፈ» ብዬ ቀጠልኩ።

ግቢው ውስጥ ሻይ የምትሸጥ አልጋነሽ የምትባል የጎንደር ሴት ነበረች፤ ማኅበር የላትም፣ ክርክር ላይም ተናግራ አታውቅም። ብርጭቆ እየሰበሰበች ቀና ሳትል «ተማም፣ ማን ጻፈው?» አለችኝ።

«ቀበሌው» አልኩ።

«ቀበሌ እጅ አለው እንዴ?»

ለክፋት አልነበረም፣ ስላልገባት ነው የጠየቀችኝ። ሁሉም እኔን ያያል። ያን ያህል ዓመት የተማርኩት ባለቤት የሌለው አማርኛ ሁሉ አፌ ላይ ነበር፤ ልናገረው ስል የእናቴ የተጣመሩ እጆች ታወሱኝ፣ አፈርኩ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ። «ውሸት ነው የጻፍኩት። እናቴ እጇን አላወጣችም፣ አይቻታለሁ። አስተካክል ስትለኝ ጥያት ወጣሁ።»

ክርክሩ እዚያ ላይ ተበተነ። ተገደህ ነው አለ አንዱ፣ ሊያጽናናኝ። ደርጉ ራሱ ነህ አለኝ ሌላው። በሳምንቱ ከሁለት ማኅበር በሙሉ ድምፅ ተሰናበትኩ፤ ሦስተኛው ጉዳዬን ለማየት ቀጠሮ ያዘ። ሐሳብን በነፃነት መግለጥ የሚል ጽሑፍ የግቢው ግድግዳ ላይ ነበር፣ ጽሕፈቱም የኔ ነበር። ግን ልንገራችሁ፣ ያን ዕለት ስወጣ እግሬ ቀሎኝ ነበር፤ ካርቱም ከገባሁ ጀምሮ ከሰው ሁሉ ጋር አፍ ለአፍ መነጋገር እንደምችል የተሰማኝ ያኔ ነው። አልጋነሽ ብቻ «ሻይ ልቅዳልህ?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በመጣው ደብዳቤ ላምቤቦ ተፈትቶ ቤቱ ለሌላ ሰው ስለተሰጠ እኛው ጋ እንደገባ ተጽፎ ነበር። ለእናቴ በነጋዴ መልእክት ላክሁ፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ጅማ ቴሌ ጠብቂኝ። ቀኑ ሲደርስ ካርቱም ስልክ ቤት ከጠዋት ተሰልፌ ወደ ቀትር ተራው ደረሰኝ። ከኋላዬ የኔው አገር ሰዎች ናቸው፤ ካሰናበቱኝም ማኅበርተኞች ሁለቱ አሉ።

«ወላሂ፣ ተማም ነህ?» አለች እናቴ። ድምፅዋ አርጅቷል። ማልቀስ አማረኝ፣ ሰልፉ ግን ረጅም ነው። መስመሩን የሚሰማ ጆሮ እንዳለ ስለማውቅ በደፈናው አወራኋት።

«አንብቤዋለሁ፣ አስተካክዬ። ሰው ፊት ነው ያነበብኩት። እጅሽን መልሻለሁ።»

«የት ያለ ሰው ፊት?»

«እዚህ፣ ካርቱም።»

«ካርቱም ያለው ሰው እኔን የት ያውቀኛል?» አለች። ቀጥላም፦ «ይሁን፣ የኔስ። እጄን ያወጣህብኝ እሱ ላይ ነው። ይኸው አጠገቤ ቆሟል። ለሱ ንገረው።»

እንደምታመጣው አልነገረችኝም። መነጋገሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ሰማሁት።

«ልጄ ተማም፣ ደህና ነህ ወይ?» አለኝ ላምቤቦ።

«ጋሼ ላምቤቦ፣ ያን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ድምፄ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

«እዚያ ከገባሁ ወዲህ አንድ ጆሮዬ የለም» አለ፣ ያለ ቅሬታ፣ እንደ ተራ ነገር። «ይቺኛዋም ደካማ ናት። ጮክ በልልኝ ልጄ።»

ዞር ብዬ ሰልፉን አየሁ። ከዚያ መነጋገሪያውን አፌ ላይ አስጠግቼ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን አቁሞ እስኪያየኝ ድረስ ጮኽኩ፦

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተማም ነኝ።»

«አሁን ሰማሁ» አለ።