በእህቱ እጅ የነዳው ሰው

የመንዳት አስተማሪ ነው። ተማሪዎቹ በሌለበት «ሬዲዮ» ይሉታል፤ ሞተር ከተነሳ እስኪጠፋ አፉ አያርፍማ! «ፍሪሲዮን! ቀስ! ስፖኪዮ እዪ! መልሺ፣ ኧረ መልሺው! ጎሽ!» አጠገቡ የተቀመጠ ሁሉ ታዲያ መኪናዋን እንደ ውኃ ያፈሳታል።

የታላቅ እህቱ ባል ሞቶ ሚኒባሱ ግቢ ውስጥ ቆሞ ቀረ። የልጆቿ ጉሮሮ በእሷ ላይ ነው፤ «ራሴ እነዳታለሁ» አለች። እሱም ደረቱን ነፍቶ፣ «እቴቴ፣ ለእኔ ተይው!» አላት። ለባልደረቦቹ ደግሞ «እህቴ ፈተናው ላይ አንዲት እንጨት ብትነካ ስሜን ቀይሩት» ብሎ ፎከረ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈታኙ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ዝም እንዳለ ድንጋይ። ወደ ኋላ እየሄደች በተተከሉት እንጨቶች መሃል መግባት ነበረባት። ግማሽ ላይ ስትደርስ ቆመች። ፈታኙን አየችው፤ ወይ ፍንክች! በመስኮት አንገቷን አውጥታ አጥሩ ጋ የቆመውን ወንድሟን ፈለገች።

«መሪውን አሁን ልመልሰው?»

ሜዳው በሳቅ አስተጋባ። ደንግጣ ስትመልሰው እንጨቱም ወደቀ።

«ምነው ሬዲዮ፣ ባትሪ አለቀብህ?» አለው አንዱ ባልደረባው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ወደ ቤት ሲመለሱ እቴቴ አላለቀሰችም። «ወንድምዓለም፣ ስታስተምረኝ መኪናዋን የምትነዳት አንተ ነህ። እኔ እጄን ነው ያዋስኩህ» አለችው። ከእሱ ጋር ሲነዱ አምሮባቸው ፈተና ላይ የወደቁትን ተማሪዎቹን አስታወሰ፤ «እጀ ደረቅ» እያለ የሰደባቸውን። ጆሮው ድረስ ጋለ።

በማግስቱ አዲስ ሕግ አወጡ፦ መኪናዋ እንጨቶቹ መሃል ገብታ የእጅ ፍሬን እስኪያዝ ድረስ ቃል አይወጣውም፤ ከዚያም ስህተቱን ቀድማ የምትናገረው እሷ ናት። መጀመሪያ እንጨቱን ገጨችው። እሱ ጣቱን ነከሰ።

«እሺ፣ ምን ሆነ?» አላት የእጅ ፍሬኑን ስትይዝ።

«ዘግይቼ መለስኩት። የኋላ ጎማው ሲጠጋ ይሰማኝ ነበር እኮ፤ ግን ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅኩ።»

ሊላት የነበረውን ራሷ አለችው! ደስ ሊለው ሲገባ ይበልጥ አፈረ። እንጨቶቹ ብዙ ጊዜ ወደቁ፤ ከዚያ መውደቃቸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። አንዳንድ ቀን ጭራሽ ሳይናገር ይውል ጀመር።

ለሁለተኛው ፈተና «እንዳትመጣ» አለችው። ቀረ። ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን ሲበላ ዋለ።

ጥሩምባ ሰማና ወጣ። እቴቴ ሚኒባሷን በሩ ላይ ወደ ኋላ አስገብታ፣ ከግንቡ አንድ ስንዝር አቁማታለች። መንጃ ፈቃዱን እያወዛወዘች፣

«ና ግባ፣ ፊት ተቀመጥ!» አለችው።

የኋላውን በር ከፈተ።

«እንዴ! ምን ሆነሃል?»

«አይ እቴቴ፣ እዚህ ይሻለኛል» አለና፣ ዳግም እሱን ፈልጋ በመስተዋቱ እንዳታየው ጥጉን ይዞ ተቀመጠ።