አጃቢዋ የቀደመች ዕለት

እህቴን የሚያውቋት ሁሉ «ዝምተኛ ናት» ይላሉ። አያውቋትም ማለት ነው። እህቴ ዝምተኛ ሳትሆን ቂመኛ ናት። ዝምተኛ ሰው የሚናገረው ነገር የለውም፤ ቂመኛ ግን የሚናገርበትን ቀን ነው የሚጠብቀው። እኔም የዚያችው እናት ልጅ ነኝ፤ ልዩነታችን እኔ ጠዋት ያናደደኝን ሰው ምሳ ሳይደርስ ሰድቤው እገላገላለሁ፣ እሷ ግን ታሳድረዋለች። ዓመት ታሳድረዋለች። አንዱን ሰውማ ጸጉሩ እስኪነጣ አሳደረችው።

ሥራዋ ፒያኖ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሙዚቃ ታስተምራለች፤ ከማስተማሩ ይልቅ ግን የሚበዛው ማጀቡ ነው። የቫዮሊን ተማሪ ፈተና ሲደርስበት፣ ድምፃዊ ሲመረቅ፣ አንዱ መምህር ኮንሰርት ሲያቀርብ ከኋላ ተቀምጣ ፒያኖውን የምትጫወተው እሷ ናት። ማስታወቂያው ላይ የፊተኛው ሰው ስም ከሩቅ እንዲታይ ሆኖ ይጻፋል፤ የእሷ ከታች፣ «ሞባይልዎን ያጥፉ» ከሚለው አጠገብ ይሸጎጣል። ተማሪዎቹ «አጃቢት» ይሏታል። ትሰማለች፣ መልስ አትሰጥም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እናታችን የተወችልኝ አንዲት ክፍል ስፌት ቤት አለችኝ። እናታችን ሁለታችንንም ገና በልጅነታችን ፒያኖ አስተማሪ ዘንድ ልካን ነበር፤ እህቴ፣ እኔ እትዬ ነው የምላት፣ ገፋችበት፤ እኔ ወደ መርፌዬ ተመለስኩ። የቀረችኝ ነገር ኖታ እየተከተሉ ማንበብ ናት፤ በዚህች ምክንያት እትዬ መድረክ ላይ ስትወጣ በግራዋ ተቀምጬ ገጽ የምገልጥላት እኔ ነኝ። ሁለት እጇ ሥራ ላይ ስለሆነ ራሷን ነቅነቅ ታደርጋለች፤ እኔ ብድግ እላለሁ፣ የላይኛውን ጠርዝ ይዤ እገልጣለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ሰው ልብ አይለኝም፤ እኔ ግን የማያመልጠኝ ነገር የለም።

አሁን ወደ ልዑሉ ልምጣ። ልዑሉ የቼሎ መምህር ነው፤ ቼሎ ማለት ተቀምጠው በጉልበት መሃል ይዘው በቀስት የሚጫወቱት ትልቅ ቫዮሊን ነው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ኮሪደር ላይ ሲያልፍ ግድግዳው ራሱ እጅ የሚነሳው ይመስለዋል። በዕድሜውም በማዕረጉም አንቱ ሊባል ይገባዋል። ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ እለዋለሁ፤ ዞር ሲል ግን ምላሴ እምቢ ይለኛል። ምክንያቱን ስትሰሙ አትፈርዱብኝም።

እሱና እትዬ አብረው ነው የተማሩት። አብረውም ተቀጠሩ፤ እሱ ቶሎ የክፍሉ ኃላፊ ሆነ። በዚያን ሰሞን አዲሱ አዳራሽ ተሠርቶ አልቆ ነበርና ምረቃው ላይ ከመምህራኑ አንዱ ብቻውን እንዲጫወት ተባለ። የሁሉም አፍ ላይ የነበረችው እትዬ ናት። እናታችን ወሬውን ስትሰማ ስብሰባውንም አልጠበቀች፤ ሄዳ አረንጓዴ ከፋይ ገዛች፣ ሱቋን ዘግታ ቀሚስ ሰፋችላት። እጅጌው ላይ ምንም አላደረገችበትም፤ «ሰው እጇን ይይ» አለች።

ስብሰባው ላይ ልዑሉ ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሎ እንዲህ አለ፦ «ጎበዝ አጃቢ ናት፣ አልካድኩም። ብቻዋን ግን አትቆምም። አጃቢ ለብቻው መድረክ ላይ ሲወጣ ሰውዬው ቀርቶ ጥላው የመጣ ነው የሚመስለው።» ሰዎቹ ሳቁ። እትዬ ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያች ቃል ወጥታ ቀረች። አዳራሹን ታዲያ ማን መረቀው? ራሱ፣ በቼሎው። ፒያኖው ላይስ ማን ተቀመጠ? እሷው። ያን ዕለት የለበሰችው የዘወትሯን ጥቁር ቀሚስ ነው።

እናታችን አረንጓዴውን ቀሚስ በአንሶላ ሸፍና ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀለችው። «ቀኑ ይመጣል» ትል ነበር። ቀኑ ሳይመጣ እሷ ሄደች። ልጇ ብቻዋን ስትጫወት አንድ ቀን እንኳ ሳታይ ነው የሞተችው።

ዘንድሮ ልዑሉ ጡረታ ሊወጣ ሆነ። የስንብት ኮንሰርት አዘጋጀ፤ አጃቢ ሲፈልግ ወጣቶቹ ፒያኒስቶች አንዱ አመመኝ አለ፣ አንዱ መንገድ አለብኝ አለ። ምላሱን ማን ይችላል? ዞሮ ዞሮ እትዬ ዘንድ መጣ። እሷም እሺ አለችው። ይህን ስሰማ በጣም ተናድጄባት ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ ነፍስ የለሽም እንዴ?» አልኳት።

በሳምንቱ አረንጓዴውን ቀሚስ ክንዷ ላይ አጋድማ ስፌት ቤቴ ገባች።

«ይቺን አስፊልኝ» አለች።

የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። «ለምኑ ነው?»

«ለልዑሉ ስንብት።»

«እትዬ፣ ምን አስበሻል?»

«መጫወት ነዋ፣ ምን አስባለሁ?» አለችና ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አፏ ዳር ላይ ግን አንዲት ነገር ነበረች፤ ልጅ ሆነን ስኳር ሰርቃ ስትመጣ የማውቃት ነገር። እኔም ቀሚሱን ገልብጬ ስፌቱን ስፈታ እናታችን ከውስጥ በግራም በቀኝም ሰፋፊ ትርፍ ጨርቅ አጥፋ ትታለታለች። «ሰው ይወፍራል፣ ቀንም ይዘገያል» ትል የነበረችው ትዝ አለኝና እንባዬ ከፋዩ ላይ እንዳይወርድ ፊቴን ዞር አደረግኩ።

ልምምዳቸው ላይ ገጽ ልገልጥ ሄድኩ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የልዑሉ ግራ እጅ ታሟል። ቼሎውን እስኪያነሳ ድረስ እጁን ከኪሱ አያወጣም፤ ሲያወጣውም ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች እንደ ድሮው አይታዘዙም። ለማንም አልተናገረም፤ ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል? የሚጫወቱት ሶናታ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ረጋ ያሉ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ሩጫ ነው። እዚያ ሲደርሱ ልዑሉ ቀስቱን አወረደና፦

«ይቺን ቀዝቀዝ እናድርጋት። አዳራሹ ያስተጋባል፣ ከፈጠንን ድምፁ ይደበላለቃል» አለ።

«እሺ» አለች እትዬ።

«የፒያኖውም ክዳን ዝቅ ይበል። ቼሎውን እንዳትሸፍኚብኝ።»

«እሺ።»

መንገድ ላይ አላስቻለኝም። «እሺ እሺ ብቻ! አፍሽን ምን ያዘው?»

«ሦስተኛውን ክፍል የሚጀምረው ማነው?» አለችኝ፣ ፊት ፊቷን እያየች።

አሰብኩ። ፒያኖው ነው። አንድ ሙሉ ገጽ ለብቻው ይጫወታል፣ ቼሎው ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው።

«የሚጀምር ሰው ፍጥነቱን ይሰጣል፤ የሚገባ ሰው የተሰጠውን ይቀበላል» አለች። «ኖታው ላይ የተጻፈው 'በጣም ፈጣን' ነው። እኔ የተጻፈውን ነው የምጫወተው።»

አዘንኩለት ብል ውሸት ይሆንብኛል። እንዲያውም ያን ዕለት ስፌት መኪናዬ ራሱ ሲዘፍን ነበር የዋለው። ለባለቤቴ ብነግረው ራሱን ነቀነቀና «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለኝ። «ጸሎት ማን ሄደ? ኮንሰርት ነው የምንሄደው» አልኩት።

የኮንሰርቱ ዕለት አዳራሹ ሞልቷል፤ መምህራኑ፣ ተማሪዎቹ፣ ድሮ ስብሰባው ላይ የሳቁትም ሳይቀሩ። ልዑሉ ከመጋረጃው ኋላ ቀሚሱን ሲያይ ቅንድቡ ከፍ አለ፣ «ሠርግ አለብሽ እንዴ?» ብሎ ቀለደ። እትዬ ፈገግ ብላ አሳለፈችው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች እንደተለማመዱት፣ ክዳኑ ዝቅ እንዳለ፣ ቼሎው ከፊት ፒያኖው ከኋላ ሆነው ተጫወቱ። እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ቆንጆ አድርጎ ነው የተጫወተው። ይህም አናደደኝ።

ሁለተኛው ሲያልቅ ልዑሉ መሐረቡን አውጥቶ ጣቶቹን ጠረገ። እትዬ ወደ እኔ ጎንበስ አለችና «ክዳኑን እስከ መጨረሻው ክፈቺው» አለችኝ።

ሰው ሁሉ እያየ ተነሳሁ። ክዳኑን አንስቼ ረጅሙን መደገፊያ ሥሩ አስገባሁበት። ልዑሉ ዓይኑን አፈጠጠብኝ፤ ነገር ግን ሕዝብ ፊት ምን ይላል? ቀስቱን አዘጋጅቶ ተቀመጠ።

እትዬ ጀመረች።

ይህን ያህል ዘመን ከጎኗ ስቀመጥ እንዲህ ስትጫወት ሰምቻት አላውቅም። ድምፁ ከተከፈተው ክዳን ሥር እየወጣ አዳራሹን ሞላው፤ ከተለማመዱት ፍጥነት ጋር ዝምድናም የለው። የልዑሉ ጀርባ ሲደነድን ከተቀመጥኩበት አየሁት። ተራው ደረሰና ገባ። የመጀመሪያዋን ሩጫ እንደምንም ያዛት። ሁለተኛዋ ላይ ትንሿ ጣቱ ከዳችው። ሦስተኛዋን ጭራሽ ዘለላት። እኔ በደስታም በድንጋጤም ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገለጥኩ። ክው አልኩ! እትዬ ግን ቀና ብላም አላየችው፤ በከንፈሯ ብቻ «ተይው» አለችኝ። በቃሏ ነው የያዘችው። እኔ የምገልጠው ለወጉ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከሙዚቀኞቹ በቀር የገባው ሰው አልነበረም። ልዑሉ ሩጫውን ተወው። ከሥር ከሥር ያሉትን ረጃጅም ድምፆች ብቻ እየያዘ ይከተላት ጀመር። እሱ የጣለውን ዜማ እትዬ በቀኝ እጇ አነሳችው፤ በግራዋ የራሷን ሥራ እየሠራች። እሱ ይደግፋል፣ እሷ ትዘፍናለች። አንድ ሁለቴ ዘግይቶ ገባ፤ አልጠበቀችውም።

አለቀ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የመድረክ ወጉ የታወቀ ነው፤ ቼሎ ተጫዋቹ መጀመሪያ ይነሳል፣ እጅ ይነሳል፣ ከዚያ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ አጃቢውን ያስነሳል። ልዑሉ ሁልጊዜ በሁለት ጣቱ፣ አስተናጋጅ እንደሚጠራ ሰው ነበር የሚጠራት። ያን ዕለት ግን ቼሎውን ታቅፎ አቀርቅሮ ቀረ። እትዬ ተነሳች፤ ወደ ፊት ወጣች፤ እጅ ነሳች። ከዚያ ዞር ብላ ሁለት ጣቷን ወደ እሱ ዘረጋች። ተነሳ።

መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ሆንን። በሩን ዘጋሁት።

«ሆን ብለሽ ነው?» አላት።

«አዎ።»

«ምን አድርጌሽ?»

«አዳራሹ ሲመረቅ ስብሰባ ላይ ያልከኝን አስታውስ።»

አሰበ። የምሩን ነው ያሰበው፤ ፊቱን ሳጠና ነበር። «ምን ብዬሽ ነበር?» አለ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል ስሰማ ነው ያደግኩት። እንዲህ ጥርግ ተደርጎ ይረሳል ብዬ ግን አልጠበቅኩም። ክዶ ቢሆን ይሻላት ነበር። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እህቴ የተመታች መስላ ታየችኝ። ያን ሁሉ ዘመን የተሸከመችውን እሱ እስከ ስብሰባው በር እንኳ አላደረሰውም።

ቃሉን አንድ በአንድ ነገረችው፤ ጥላውንም፣ ሳቁንም፣ እናታችን የሰፋችውን ቀሚስም። ልዑሉ የለበሰችውን ቀሚስ ቀና ብሎ አየው።

«ብዬ ይሆናል» አለ በመጨረሻ። «ያን ጊዜ ብዙ እናገር ነበር።»

«ዛሬ እኮ አጀብከኝ» አለችው። «እውነቱን ልንገርህ? አትችልበትም። ዘግይተህ ትገባለህ። የምታጅበውን ሰው ትንፋሽ አታዳምጥም።»

አልተቆጣም። ግራ እጁን በቀኝ እጁ እያሸ ቆየ። «ያን ፍጥነት ከመቼ ጀምሮ ነው የምትጫወቺው?» አለ።

«ተማሪ ከነበርንበት ጊዜ ጀምሮ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ቀስ ትዪ ነበር?»

«አንተ እንድትደርስብኝ ነዋ» አለች እህቴ። «አጃቢህ አይደለሁ?»

ልዑሉ ቼሎውን ሣጥኑ ውስጥ አስተኛና መዝጊያውን ሊገጥመው ሞከረ፤ ጣቶቹ እምቢ አሉት። ደግሞ ሞከረ። እኔ እጄን አልዘረጋሁም። እትዬም ቆማ አየችው እንጂ አልዘረጋችም። ኖታዋን አቀበለችኝና ወጣን።

ደጅ ላይ ንፋሱ ከፋዩን እያውለበለበው ከፊቴ ፈጠን ፈጠን ብላ ሄደች፤ እኔ ኖታውን ታቅፌ ከኋላዋ።

«እትዬ፣ የቀሚሱን ስፌት ወደ ቦታው ልመልሰው ወይስ ይቅር?» አልኳት።

«ተይው» አለች ሳትዞር። «ገና እለብሰዋለሁ።»