ዶማ ይዘው የመጡት መምህር

እንጅባራ ላይ ለሳይንስ መምህራን ሥልጠና ስሰጥ፣ በመጀመሪያው ቀን «ነገ ተፋሰስ እንወጣለን፤ ተዘጋጅታችሁ ኑ» አልኩ። ውሃው ከየት ተነስቶ በየት እንደሚወርድ በዓይናችን እያየን፣ ለተማሪ በተግባር እንዴት እንደምናስተምረው ልንለማመድ ነው። በማግስቱ ከዳንግላ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት መምህር ዶማ ተሸክመው ከሚኒባስ ወረዱ። በየዓመቱ ሕዝቡ በዘመቻ ወጥቶ እርከን ሲቆፍር ነው ተፋሰስ የሚባለው፤ እሳቸውም ሌላ ተፋሰስ አያውቁም።

ሌሎቹ ሳቁባቸው። እኔን ሳቁ አናደደኝ፤ ዘመቻ ሲጠራ «ወገቤን» የሚሉት እኮ እነሱ ናቸው! ሰውየው ዶማውን ግድግዳ አስደግፈው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«እኔ ብመለስ ይሻላል፣ ልጄ። ነገ ተማሪ ፊት ቆመህ አስተምር ተብያለሁ። መምህር በልጆች ፊት አንዴ ከተዋረደ ምን ቀረው?»

አንጀቴን በሉኝ። «እርስዎ ከሄዱማ እኔም ዕቃዬን እሸክፋለሁ» ብዬ ለመንኳቸው። ቀሩ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

በሦስተኛው ቀን ከአቅራቢያው ትምህርት ቤት ልጆች መጡ። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ነበር። መምህሩ በአማርኛ እያስተማሩ ወደ ተዳፋቱ ወሰዷቸው። አንዱን የፕላስቲክ ጠርሙስ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ከተተከለበት ከሚወርደው ቦይ፣ ሌላውን ከድንች ማሳ ከሚወርደው አስሞሉ። ከዛፉ ሥር የሚመጣው ጥርት ያለ እንደሚሆን በመማሪያ መጽሐፉ መሠረት አስቀድመው ነግረዋቸዋል። ጠርሙሶቹ ጎን ለጎን ሲያዙ የድንቹ ጠርቶ የዛፉ ቡና መስሎ ተገኘ።

ጉድ ፈላ! ልጆቹ ጠርሙሱን አይተው እሳቸውን አዩ። ከኋላ የቆሙት መምህራን ተጠቃቀሱ። እኔ ልገላግላቸው ወደ ፊት ስራመድ፣ እሳቸው ላባቸውን ጠረግ አድርገው በአዊኛ አጠር ያለ ነገር ተናገሩ። ልጆቹ ወዲያው ቦዩን ተከትለው ሽቅብ ሮጡ።

አዊኛ አልሰማም። «ምን አሏቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«‹ለምን እንዲህ እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ውጡና እዩ› አልኳቸው።» ወደ እኔ ዞሩ። «አልሳቁም አይደል?»

«ኧረ አልሳቁም!» እንባዬ መጣ።

«በአማርኛ ‹አላውቅም› ልል ብሞክር አልወጣ አለኝ» አሉ፣ ልጆቹን ሽቅብ እያዩ። «መምህር ከሆንኩ ጀምሮ ብዬው አላውቅማ።»