መስመር የሚያውቁ አይጦች

በልማት ዘመቻው ዘመን የሹም አቦ ሰፈሯ ወይዘሮ አገርነሽ ከቀበሌው የተመሩትን የጓሮ መሬት ሊነጠቁ ነበር። የዘሩት አተር አልበቀለም፤ በጉብኝት ቀን ባዶ የተገኘ መሬት ደግሞ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ጥፋቱ የሳቸው አልነበረም፤ ዘሩን አይጥ እየቆፈረ በልቶት ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ቢያዝን ዘር ሁሉ ገመድ ተወጥሮ በቀጥታ መስመር እንዲዘራ አዝዞ ነበር። እስኪ ነገሩን ከአይጥ ወገን ሆነን እንየው፤ ደስ የሚለው እዚህ ላይ ነው! አይጥ የተቀበረ አተር የምታገኘው በማሽተት ነው። አንዷን ፍሬ ካገኘች በኋላ ግን ማሽተትም አያስፈልጋትም፤ መስመሩ ራሱ ወደ ቀጣዩ ይመራታል። የቀበሌ ሱቅ እንኳ ተሰላፊውን እንዲህ ቀልጠፍ አድርጎ አያስተናግድም።

ወይዘሮ አገርነሽ እንደገና ሲዘሩ መስመሩን ትተው በተኑት። አፈሩን በእግራቸው ረግጠው አጠበቁት፤ ከላይ የአጋም እሾህ ከትክተው አለበሱት። የአይጥ አፍንጫ ስስ ስለሆነ አንዴ ከተወጋች አትደፍርም።

በጉብኝቱ ቀን ጓድ ቢያዝን እሾኹን አይቶ ጮኸ።

«እትዬ አገርነሽ፣ ይሄ እርሻ ነው ወይስ የጅብ ጎሬ? መስመሩ የታል?»

«አይጦቹ በሉት፣ ጓድ። እነሱ መመሪያ አክባሪ ናቸው።»

«ከሥሩ ምን ደብቀው ነው?» አለና እጁን ሰደደ። ወዲያው «ወይኔ እናቴ!» ብሎ ጣቱን ጎረሰ። እሾኹ ሲነሳ አተሩ ከሥሩ ለምለም ብሎ በቅሏል።

መሬቱ የወይዘሮ አገርነሽ ሆኖ ቀረ። ጓድ ቢያዝን ጣቱን እየመጠጠ ወደ ጎረቤት ጓሮ አለፈ። እዚያ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ አተር ግን የለም።