ስም ይዞ የመጣ ብር

ዳርቱ እንጦጦ ላይ፣ ወደ ጸበሉ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ጀሪካንና ጧፍ ስትሸጥ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ጠዋት ጉሙ ከባሕር ዛፉ መሀል ሲወጣ ደንበኞቿም አብረውት የሚወጡ ይመስላታል፤ ነጠላ የተከናነቡ፣ ዓይናቸው ብቻ የሚታይ። ማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳመማቸው ጠይቃ አታውቅም። ብሩን ተቀብላ “እግዜር ይማርዎት” ትላለች፤ እነሱም ተመልሰው ጉሙ ውስጥ ይገባሉ።

ከነሱ አንዷ ረቡዕ ረቡዕ የምትመጣ ረጅም ሴት ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ በቀር ቃል ሳይለዋወጡ፣ ሴትዮዋ ጧፏን እስክትመርጥ ዳርቱ ጀሪካኗን ታለቀልቅላት ነበር።

አምና ዳርቱም እንደ ሰው በስልክ ለሚከፍሉ ቁጥሯን ካርቶን ላይ ጽፋ ሰቀለች። አንድ ረቡዕ ሴትዮዋ ቦርሳዋን ብትፈትሽ ጥሬ ብር የለም፤ በስልኳ ከፈለች። የዳርቱ ስልክ ጮኸ። መልእክቱ ላይ ስም ከነአባት ተጽፏል፦ ፈትለወርቅ ሕዝቅኤል። በሰፈሯ በኮተቤ ጤና ጣቢያ ሁለቱንም ልጆቿን ያዋለደቻት ሲስተር ፈትለወርቅ።

ቀና ስትል ሴትዮዋ እያየቻት ነበር። ጀሪካኗን አንስታ ወደ ጸበሉ ወረደች።

ዳርቱ መልእክቱን አጠፋችው፤ ስሙ ግን ከልቧ አልጠፋ አላት። የሰው ነጠላ በእጇ የገለጠች ያህል አፈረች። ጎረቤቷ አባይነሽ ሲስተር ለምን ከሥራ እንደቀረች ስታነሳ፣ ዳርቱ አቀርቅራ ምስሯን መልቀም ቀጠለች። በቀጣዩ ረቡዕ ሴትዮዋ አልመጣችም፤ በሚቀጥለውም። ያኔ ካርቶኑን አወረደችው። ጥሬ ብር የማይዙት ወጣቶች አጉረመረሙ፤ አንዳንዱም ጥሏት ሄደ። ገበያዋ ሳሳ።

በአራተኛው ረቡዕ ጉሙ ውስጥ ረጅም ጥላ ታየ።

“ስሜን አይተሽዋል” አለች ሴትዮዋ።

“ስልኩ ነው የነገረኝ” አለች ዳርቱ። “ከእርስዎ አፍ አልሰማሁም።”

ሴትዮዋ መደቡ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ከፊቷ ቀስ ብላ አወረደች። ከስታለች።

“ፈትለወርቅ እባላለሁ” አለች።

ሕመሙ ከደረቷ እንደጀመረ፣ ሆስፒታል እንደምትመላለስ፣ ለእህቷ እንኳ እንዳልነገረች አንድ በአንድ አወራቻት። ዳርቱ አጠገቧ ተቀምጣ ሰማቻት። ደንበኞች መጥተው ጧፋቸውን ራሳቸው አነሱ፤ ብሩን መደቡ ላይ እየተዉ አለፉ። ጉሙ ተገፎ የካ ከታች እስኪታይ ሁለቱ ከድንጋዩ አልተነሱም።