ከዛፍ ያልወረደችው

ልጅ ሳለሁ፣ ካርቱም ውስጥ፣ ዓርብ ዓርብ ሲመሽ አል-ሳሃፋ በሚባለው ሰፈር ባለችው የካቶሊክ ጸሎት ቤት ግቢ ተረት እንሰማ ነበር። ተራኪው አባ ዮሴፍ የሚባሉ የአገራችን ካህን ናቸው። እናቶቻችን፣ የወሎዎቹ ሙስሊሞችም ጭምር፣ በየሰው ቤት የሚሠሩ ነበሩና በዕረፍታቸው ቀን ጋዝ ጋዝ የሚሸት ፋኖስ ከበው ከአባ ጋር ይንሾካሾካሉ። የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋማቸው ነበር፤ ያኔ ይህ ለስደተኛ የሚያሳስር ነገር ነው። ስለዚህ እንግዳ ሰው በበሩ ብቅ ሲል አባ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተረት ይጀምራሉ። እኛ ልጆች ምን አውቀን፣ ያ ሰው በመጣ እያልን እንመኝ ነበር፤ የእናቴ ጣቶች ግን እጄን ጨምድደው ይይዙኛል።

አንድ ዓርብ እንግዳ ሰው ብቅ ሲል አባ ስለ አንዲት አንበሳ ነገሩን። ደቦሎቿን የምትጠብቅላት ጦጣ ትቀጥርና፣ ጦጣዋ ደከመኝ ያለች ዕለት ነክሳ ታባርራታለች፤ በማግስቱ ዛፍ ሥር ቆማ ክፍት ቦታ አለኝ ስትል ሌላዋ ተሽቀዳድማ ትወርዳለች። በመጨረሻ የሚወርድ ጠፋና አንበሳይቱ የሚያለቅስ ደቦሏን ታቅፋ ቀረች። እኛ ሳቅን። ሴቶቹ ግን እንግዳው ሲወጣ ጠብቀው፣ አንዷ ስትባረር ሌላዋ በቦታዋ ላትገባ ተማማሉ።

ብዙም ሳይቆይ ከሴቶቹ አንዷ ዘይነብ ዓርብ ልረፍ በማለቷ፣ ሞግዚት ከነበረችበት፣ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ካለው ቪላ ተባረረችና እኛ ጋ ተጠጋች። እናቴም ሥራ አልነበራትም፤ የመኖሪያ ፈቃዷ የሚታደሰው ደግሞ አሠሪ ዋስ ሲሆናት ብቻ ነው። ከሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳ በየሰፈሩ ይዞር ስለነበር መኪና በቆመ ቁጥር ትንፋሻችንን እንውጣለን።

አንድ ቀን ሲመሽ አንድ መኪና እኛው በር ላይ ቆመ። የወረዱት ግን ዘይነብን ያባረሯት እመቤት ነበሩ። ዘይነብ ሥራ ፍለጋ ወጥታለች። ሴትዮዋ እናቴን ነይ ሥሪልኝ፣ ፈቃድሽንም አሳድስልሻለሁ አሏት። እኔ በፍርሃት እሺ በያት እያልኩ እጸልይ ነበር።

«ያ ሲቲ፣ እመቤቴ፣» አለች እናቴ፣ «ቦታው እኮ የዘይነብ ነው። እሷን ይመልሷት።»

«ወላሂ፣ ከሻው ሲይዝሽ ዘይነብ ታስፈታሽ እንደሆነ እናያለን» ብለው ሄዱ።

እናቴ በሩን ቀረቀረች። ዘይነብ ስትገባ ከበራችን ሲነሣ ያየሁት የማን መኪና ነው ብላ ጠየቀች።

«መንገድ የጠፋባት ሴትዮ ናት» አለቻት እናቴ፤ እኔንም በዓይኗ ዝም አሰኘችኝ።

እመቤቲቱ ሌላ የምትገባ ሰው ቢያጡ ዘይነብን መልሰው ጠሯት፤ ዓርብንም ለቀቁላት። እናቴ ግን ዋስ እስክታገኝ ወራት ሙሉ የግድግዳ ጥግ ጥግ ይዛ ሄደች። ከአባ ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል፤ የዚያን ጊዜ ፍርሃት ግን አልጠፋኝም። ዘይነብ እስከ ዛሬ «ልጆቹ እኔን ናፍቀው ነው የመለሱኝ» ትላለች። እናቴ ሳታርማት ሞተች፤ እኔም አላርማትም።